የማላቃጥለው ደብተር

የማህፀኔ ፍሬ፣ እንደምን ከርመሃል? በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ የያዝከው ሁሉ ይባረክልህ። እኛ ደህና ነን። አባትህ ጉልበቱን እያመመውም ከአናጢነቱ ንቅንቅ አላለም። እኔም ያችን አሮጌ የስፌት መኪናዬን በዘይት እያባበልኩ እሰፋለሁ።

ገጣሚው ልጄ ቄስ ሆነ ሲሉኝ እልል አልኩ። "የድሮ ግጥሞቼን አቃጥሉልኝ፣ ለቄስ አይሆኑም" ያልከውን ግን በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። አባትህማ "የቄስ ትእዛዝ ነው" ብሎ ክብሪት ይዞ ተነስቶ ነበር! የግጥም ደብተርህን ቀምቼ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

እስካሁን ደብዳቤዬን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን መምህርቷ ነበረች። ይህን ግን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፤ ቢወላገድ እንዳትስቅ። ደብተሩን ከቆለፍኩበት ቀን ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ እሷ ዘንድ ፊደል ስቆጥር የከረምኩት፣ ግጥምህን ራሴ ላነበው ብዬ ነው። አሁን ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ። እዚያ መርፌ ስለወጋው ጣቴ ጽፈሃል፤ ለካ ተደብቀህ አልቅሰህልኝ ነበር። ይሄ ነው ለቄስ የማይሆነው?

አደራ፣ ስትጸልይ ለዓይኔ ብርሃን ለምንልኝ፤ ገና መቶ ገጽ ይቀረኛል። ደጅህ የሰላም፣ ቃልህ የሚሰማ ይሁን። አንብቤ ስጨርስ አሁንም ይቃጠል ካልክ፣ ራስህ መጥተህ ከእጄ ውሰደው።

ፊደል የቆጠረችው እናትህ