ሳያዩ የሚሰጡት ደረጃ

ውድ ጓደኛዬ፣

አጎቴ የአባታችንን ውርስ ሲያካፍል ቤቱን ለወንድሜ ሰጥቶ ለእኔ በፕላስቲክ የታሸገች የድሮ የብር ሳንቲም ሲያስታቅፈኝ፣ «ባለሙያ ጥራቷን መርምሮ ከፍተኛ ደረጃ የሰጣት ናት፤ ዋጋዋ ከቤቱ አያንስም» ብሎኝ አልነበር? ደረጃ ሰጪውን ድርጅት ማንም ስለማያውቀው ራሴ ላየው መጣሁ። ከሰዓት ጥገና ሱቅ ጀርባ ያለ መስኮት አልባ ክፍል ነው። ሳንቲሟን ገና ከቦርሳዬ ሳላወጣ ውስጥ የተቀመጠው ደረጃ ሰጪ «የትኛው ደረጃ ይጻፍልሽ፣ የኔ እህት?» አለኝ። የኛ ሰፈር ሥጋ ሻጭ እንኳ ሚዛኑን በጣቱ ሲጫን አፍሮ ፊቱን ያዞራል። ዝናቡ አላባራ ብሏል፤ እኔም አልቅሼ አልወጣልኝም።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ እህቶችሽንም ሰላም በይልኝ። አጎቴን ግን ተይው፤ እሱን ፍርድ ቤት በር ላይ ራሴ ሰላም እለዋለሁ።

ያንቺው እልኸኛ