እትዬ ያለችኝ ዕለት

ለምወድሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ እንዴት ነው? እኔ ለጠላቴ የማልመኘው ነገር ደርሶብኝ ነው እንጂ አካሌስ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ ያልነገርኩሽ መንደርተኛው ሁሉ እየሰማ ስለምታወሪ ነው። ደብዳቤውን ትንሿ ልጅሽ ተናኘ ታነብልሻለች፤ ወሬው ከቤት አይወጣም።

ልጅሽ ጤናዬ አዋረደችኝ። ላስተምራት ብዬ ከጉያሽ ያመጣኋት፣ ከአፈር አንስቼ ፎቅ ላይ ያወጣኋት ልጅ ጉድ ሠራችኝ። አሁን መንግሥት ወስዶ የሕፃናት ማቆያ አስገብቷታል። አዎ፣ መንግሥት! እናትና አክስት እያላት።

እንዴት መሰለሽ፣ እኔ ጠዋት ለቡ ወዳለው ሱቄ ስሄድ በሩን ከውጭ እቆልፋለሁ። ለማን ብዬ? ለእሷው ብዬ ነው። የሀይሌ ጋርመንት መንገድ መኪና የገጠር ልጅ አይምርም፣ ደላላውም ሞልቷል። ፊት ለፊት ብሎክ የምትኖር አማከለች የምትባል ሥራ ፈት፣ ጤናዬ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ጀርባዋን አይታ ወረዳ ሄዳ ከሰሰችኝ። ካውያ ነክቷት ነበር። ካውያ የማይነካው ማን አለ? አዲሱን ቀሚሴን አቃጥላ ቆማ ታየኛለች፤ እኔም ያን ቀን ተናድጄ ነበር፣ በቃ ነካት።

ከዚያ ገላኔ የምትባል ልጅ እግር፣ የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ነኝ ብላ፣ ፖሊስ አስከትላ መጣች። እኔ በሌለሁበት በሬን ሰበሩት። እስካሁን በገመድ ነው የማስረው። እሱን ማን ይጠይቅልኝ?

ወረዳ ስጠራ ነጠላዬን አጣፍቼ ቀና ብዬ ሄድኩ። የእህቴ ልጅ ናት፣ ሥጋዬ ናት፣ እንደ ልጄ ነው የያዝኳት ብዬ ተናገርኩ። ገላኔ እኔን ትታ ወደ ጤናዬ ዞረችና ይህች ሴት ምንሽ ናት ብላ ጠየቀቻት። ልጅሽ አንገቷን ደፍታ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«እትዬ ናቸው።»

እትዬ! ልክ እንደ ሠራተኛ! እርግጥ እንዲያ በዪኝ ያልኳት እኔው ነኝ። እንግዳ ተቀምጦ በዚያ አለባበሷ አክስቴ ብትለኝ ሰው ምን ይለኛል? ግን ልጅ ቦታና ጊዜ አይለይም? ገላኔ ይህንኑ ጻፈች። ደግሞ ለምን ትምህርት ቤት አልገባችም አለችኝ። ቤት ውስጥ ያስያዝኳት ሙያ ትምህርት አይደለም እንዴ?

ጭራሽ የባሰው መጨረሻ ላይ መጣ። ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ ስትባል አንቺን እናቷን እንኳ አልጠራችም። «ታናሽ እህቴን እንዳያመጧት» አለች። ቅናቷን እይልኝ! እሷ የበላችውን እህቷ እንዳትበላ።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ከበበው ሁለት ሽማግሌ ይዘው ገላኔ ዘንድ ሄዱልኝ። የቤተሰብ ነገር ነው፣ እኛ እንጨርሰዋለን ቢሏት፣ ሕፃን ላይ የተሠራ ወንጀል በእርቅ አይዘጋም ብላ መለሰቻቸው። ስንት ቤት ያስታረቁ ሰው ባርኔጣቸውን ይዘው ወጡ። የልጅቷን ጀርባ ግን አሳይታቸው ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ እሳቸውም ሰላምታ ነሱኝ።

አሁን ነገሩ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። ስለዚህ ነይልኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው በዪ። አሥራ ሁለት መሆኑን እኔና አንቺ እናውቃለን፤ እነሱ በምን ያውቃሉ? የገጠር ልጅ ስለሆነች ነው ያላደገችው እንላለን። ጠባሳውንም እዚያው አገር ቤት እሳት ላይ ወድቃ ነው በዪ። ቤትሽን ቆርቆሮ ማን እንዳለበሰው አላስታውስሽም። አንቺ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ስትመጪ ተናኘን ይዘሻት ነይ። ቤቴ ተበላሽቷል፣ ልብሱ ተከምሯል፣ እኔ ከሱቅ መልስ ወገቤ አይችልም። እሷን በረንዳ ላይ አላወጣትም፤ ልብሱን ውስጥ ታሰጣዋለች።

ተናኘዬ፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ነሽና፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ ለእናትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ንባብ ላይ ጎበዝ ነሽ አሉኝ፤ ደስ ብሎኛል። እዚህ ስትመጪ ትልቅ ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ከአሁኑ ያዢልኝ፦ ሰው ፊት ሲሆን አክስቴ በዪኝ።

የሀና ማርያም ጥላ በቤታችሁ ላይ ይረፍ። እህቴ፣ በልጆችሽ ደስ ይበልሽ።

እህትሽ