በላም ቁጥር 417 የቀናች አላቢ አቤቱታ

ለክቡር ሚስተር ሃርላን ፕሩዊት
የሎማ ሴካ አውራጃ የጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና በበጋው ሁሉ ያለ ዕረፍት የሠራውን የቢሮዎን ማቀዝቀዣ ጤንነት እጠይቃለሁ። እኛ በወተት እርባታው የምንሠራ ሃያ ሦስት ሴቶች ደኅና ነን፤ ደኅና ነን የምንለው ግን በራሳችን ግምት እንጂ ሐኪም ነግሮን አይደለም።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። እኔ ቅናተኛ ሴት ነኝ። ሌላው ሰው በጎረቤቱ ቤት፣ በባልንጀራው ሀብት ይቀናል፤ እኔ የምቀናው ጆሮዋ ላይ 417 የሚል ቢጫ ምልክት በተንጠለጠለባት ላም ነው። የማለቢያው መሣሪያ ከመገጠሙ በፊት ግቷን በእጄ ዳስሼ፣ የጠጠረ ነገር ካለ መናገር ሥራዬ ነው። ባለፈው ጥር አገኘሁና ተናገርኩ፤ የከብት ሐኪሙ ዶክተር ቴልማን ስልሳ ማይል ነድቶ ከምሳ በፊት ደረሰላት። በዚያው ሳምንት አበልጄ ኤውላሊያ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጠጋ ብላ፣ «አንቺ እጅሽ ያውቃል፤ እስቲ የኔንም ጡት ዳስሺው» አለችኝ። ዳሰስኩት። የጠጠረ ነገር ነበረ። ለእሷ ነድቶ የመጣ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ፦

1. የጡት ምርመራ አውቶቡስዎን በዓመት አንድ ማክሰኞ ስለሚልኩልን እናመሰግናለን። በሚያዝያ መጥቶ ከእርባታው ሃያ ማይል በሚርቀው የፈረስ ግልቢያ ሜዳ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ቆመና ሄደ፤ እኛ ከማለቢያው የምንወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይህንን። ከዚያ «ስፓኒሽ ተናጋሪ ሴቶች በባህላቸው ዓይን አፋር ስለሆኑ አልመጡም» የሚለውን ሪፖርትዎን በጋዜጣ አነበብኩ። ዓይን አፋርነታችንን ለማጥናት ከፈለጉ፣ እጃችንን እስከ ብብታችን አስገብተን ጥጃ ስናዋልድ ብቅ ይበሉ።

2. ኤውላሊያ ግን የማለብ ተራዋን ለእኔ ሰጥታ ሄዳ ነበር። ፎርሙ «የሐኪምዎ ስም» ይላል፤ ባዶ ከሆነ አንቀበልም አሏት። በዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ስትኖር የምታውቀው ሐኪም አንድ ብቻ ነውና፣ ዶክተር ቴልማን ብላ ጻፈች። ቢስቁ አልፈርድብዎትም፤ እኔም ስቄባታለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ሳይስቅም ሳይጠይቅም፣ ማኅተሙን መትቶ ውጤቷን ለከብት ሐኪም ላከ።

3. ወረቀቱ እዚያ አራት ወር ተቀመጠ፤ የሐኪሙ ጸሐፊ ኤውላሊያ የየትኛው እርባታ ላም እንደሆነች ስትፈልግ። በመስከረም ዶክተሩ ራሱ ወረቀቱን ይዞ ማለቢያው ውስጥ ገባና «ኤውላሊያ የትኛዋ ናት?» አለኝ። ወደ አበልጄ ጠቆምኩት። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። ወረቀቱ በአስቸኳይ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋታል ይላል። ይቅርታ የጠየቃት እሱ ነው፤ ከእርስዎ በኩል የደረሰን ነገር የለም።

4. ለጽሕፈት ቤትዎ ስንደውል ቀጠሮ ሰጧት፤ ለየካቲት፣ መቶ አርባ ማይል ርቆ። በእርስዎ ከተማ ያሉ እመቤቶች ግን ጠዋት ደውለው፣ ከሰዓት በኋላ ጸጉር ቤት ከመግባታቸው በፊት ታይተው እንደሚወጡ ሰምቻለሁ። ቅናት አንጀቴን ያቃጥለዋል፤ አልደብቅዎትም። ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ ኤውላሊያ ታማሌ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ምግባችንን ከተጠቀለለበት ቅጠል እየላጠች፣ ክርስትና ስላነሳኋት ትንሿ ልጇ አንስታ፣ «እኔ ከሌለሁ ጸጉሯን የምትሠሪላት አንቺ ነሽ፤ ግን አታጥብቂባት፣ ያማታል» አለችኝ፤ ስለ ዝናብ እንደሚወራ ነገር። የተረፈኝን ምሳ ይዤ ተነሳሁ።

5. አምስተኛ የለኝም። ልመና ብቻ ነው ያለኝ፦ የኤውላሊያን ቀጠሮ ወደዚህ ወር ያምጡልን።

በሌሎች ሰዎች ሕመም ላይ ላሳዩት ወደር የለሽ ትዕግሥት ያለኝን ከፍ ያለ አድናቆት እየገለጽኩ፣ እጇን ሁለት ጊዜ ታጥባ ይህን የጻፈችልዎ ታዛዥዎ፣

ሬፉጂዮ አራንዳ ሶሊስ
አላቢ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ኤውላሊያ ይህን ደብዳቤ እንዳልልክ ለምናኛለች፤ «ይቆጡና የካቲትንም ይነጥቁኛል» ብላ ትፈራለች። ስለዚህ ከተቆጡ በእኔ ይቆጡ። እውነቱን ለመናገር በእሷም ሳልቀና አልቀረሁም፤ ያን ማክሰኞ ተራዋን ይዤ ሳልታይ የቀረሁት እኔ፣ የሚነጥቁኝ ቀጠሮ እንኳ የለኝም።