የሃምሳ ደቂቃው መርዶ

አባዬ፣ ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፣ መልስ እንደሌለው አውቃለሁ።

ታክሲህ አሁንም በር ላይ ናት። እማዬ አልሸጥም ብላለች። የምትተኛው ሶፋው ላይ ነው፣ አልጋችሁን ዞር ብላም አታየው። እኔ ስኩል አልተመለስኩም፣ አትቆጣ። ጋዝ ስቴሽን እሠራለሁ። እስካሁን የሰደብኩት አንድ ከስተመር ብቻ ነው፣ እሱም የሚገባው ነበር።

ናቲ ግን አይደውልም። ልጅህ ለአርባህ እንኳን አልመጣም። ለምን እንደሆነ ሌላ ሰው ስለማይነግርህ እኔ ልንገርህ።

ያን ቀን ከሆስፒታል እንደወጣን ልደውልለት ስልኬን አወጣሁ። ታናሽ ወንድምህ ጋሽ ብርሃኑ ከእጄ ነጠቀኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጁ ሳንዲያጎ ብቻውን ነው፣ ሰው ማልዶ በሩን አንኳኩቶ አቅፎ ነው የሚነግረው አለ። እኔ ልሂድ ስለው፣ አንቺ በዚህ ሁኔታሽ ከሄድሽማ ሁለት መርዶ ነው፣ ቁጭ በይ አለኝ። ሄደው እንዲያረዱት ሎስ አንጀለስ ያሉ ሽማግሌዎች ጋር ደወለ። ሁለቱ ከተማ ጎረቤት ናቸው፣ በፕሌን ሃምሳ ደቂቃ ነው፣ አባትሽ ራሱ ሲል አልሰማሽም? አለኝ።

ሰምቻለሁ። ናቲን ልናደርሰው ሦስታችን ከሎስ አንጀለስ ሳንዲያጎ በመኪና ስንሄድ ነው ያልከው። ባሕሩ በቀኛችን፣ እኔ እግሬን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅዬ፣ አንተ ደግሞ ይሄማ እንደኛ ዴንቨር ኦሮራና ቶርንተን ሰፈሮች ማለት ነው እያልክ። ከዛ ትራፊክ ያዘን። ናቲ ተኝቶ ሲነሳ እዛው ነበርን። ያንን ጋሽ ብርሃኑ አላየም።

የአንደኛው ሽማግሌ ጉልበት መኪና ውስጥ አይታጠፍም ተብሎ በፕሌን ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ጭጋግ ወረደ፣ ፍላይቱ ዲሌይ ሆነ፣ ደግሞ ዲሌይ ሆነ። በመኪና ቢነሱ ደርሰው ይመለሱ ነበር። እኛ ከዴንቨር ብንበር እንኳን እንቀድማቸው ነበር። ጋሽ ብርሃኑ የቆጠረው አየር ላይ ያለውን ብቻ ነው፣ ኤርፖርት መጎለቱን አልቆጠረም።

እነሱ እዛ ተጎልተው፣ አንዲት የቤተክርስቲያን ሴት ፎቶህን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ፖስት አደረገች። ናቲ ሥራ ቦታው ዌርሃውስ ውስጥ ቆሞ አየው። የደገፈው ሰው የለም። ለእኔ ደወለ። ስልኬ ጋሽ ብርሃኑ ኪስ ውስጥ ሲጮህ እኔ ፊቱ ቆሜ እሰማለሁ። ጮህኩበት፣ ብርጭቆ ሰበርኩ። ለቅሶ ቤት የነበሩት ሴቶች ላንተ ያለቀስኩ መስሏቸው ያዙኝ።

ሽማግሌዎቹ ከሰዓት ደረሱ። በሩን አልከፈተላቸውም። ለቀብርህ መጥቶ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ፣ አፈሩ ሳያልቅ ሄደ። ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ አንቺ ታውቂ ነበር።

እደውላለሁ፣ አያነሳም። ስለዚህ ቮይስሜይሉ ላይ ድምፄን እየተውኩ ስለአንተ እነግረዋለሁ። በመጨረሻው ጠዋት ካልሲህን አጥተህ የኔን ሮዝ ካልሲ እንዳደረግክ፣ ነርሷ አይታው እንደሳቀች፣ አንተም ፋሽን ነው እንዳልካት። አንድ ቀን ቮይስሜይሉ ሞልቷል አለኝ። ለሳምንታት ሞልቷል ሲለኝ ከረመ።

ትናንት ደወልኩ፣ ቮይስሜይሉ እንደገና ተቀበለኝ። ናቲ ሰምቶት ይሁን ሳይሰማ አጥፍቶት አላውቅም። ዛሬ ከካልሲው እንደገና እጀምራለሁ። አልረሳህም አባዬ። እኔ ከረሳሁ እሱ ከማን ይሰማል?

ልጅህ ቤቲ