ከበሩ ኋላ የቆመው ዱላህ

ውዴ አያሌው፣

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። አንድ ዊንተር ሙሉ በረዶውን ብቻዬን ጠረግኩ፣ መኪናውንም ብቻዬን አሞቅኩ። እንዳለሁ አለሁ።

ቤቱ ጭር ብሏል። ሄለን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአፕል ቫሊ ብቅ ትላለች፤ ያንተው ልጅ አይደለች እንዴ፣ ቆማ በልታ ትሄዳለች። ከዚያ ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ፣ ሰው እንዲያወራልኝ ብዬ። አንዳንዴ «ሻይ ልቅዳልህ?» ልልህ አፌን ከፍቼ እመልሰዋለሁ።

ያን እሑድ ታስታውሳለህ? ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፓርኩ ጋ መኪናውን ድንገት አቆምክና፣ «ኧረ ጉድ! እነዚህ ፈረንጆች ገና ይጫወታሉ፣ ያውም በሐምሌ!» ብለህ በነጠላህ ሜዳ ገባህ። ለካ አየርላንዶች ናቸው፣ ጨዋታውም ሀርሊንግ ይባላል። አንዱ ዱላውን ሲሰጥህ ሩሯን እንዴት አድርገህ ለጋሃት! ከዚያ ወዲያ እሑድ ማን ያግኝህ። ጣትህ አብጦ ስትመጣ ብቆጣህ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልክ ትስቅብኝ ነበር።

ዱላውን የሰጠህ ሼመስ ጓደኛህ ሆኖ ቀረ። አየርላንድ ስላለው የመንደሩ ክለብ ሲያወራ አፍህን ከፍተህ ነበር የምትሰማው። አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ ሱቅ ብቻ ያላት መንደር፤ እነዚያው ልጆች አንዴ በዱላ፣ አንዴ ደግሞ በእጅም በእግርም የሚመታውን የአገራቸውን ኳስ ይጫወታሉ። ሰው ለተወለደባት መንደር እንጂ ለጎረቤት አይሰለፍም ሲልህ፣ «አገር ማለት ይሄ ነው!» አልክ። ሄጄ አያታለሁ፣ ከርሞ፣ ከርሞ እንዳልክ ቀረህ።

የቀብርህ ዕለት እነ ሼመስ ማሊያ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ሲመጡ የዕድራችን ሰዎች ክው አሉ። ጋሽ ታደሰ በሩን ዘግተው ቆመው፣ «የሟቹ ደመኞች ናቸው እንዴ?» ብለው አስጠየቁኝ። በዚያ ሁሉ እንባ መሀል ሳቅ አመለጠኝ። አንተ ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር። ልማዳቸው ነው ለካ፤ አብሯቸው የተጫወተ ሰው ሲሞት ግራና ቀኝ ተሰልፈው በመሀላቸው ያሳልፉታል። አንተንም አሳለፉህ።

ዱላህ ግን አንተ ባቆምክበት፣ ከበሩ ኋላ ነበር። እንዳይወድቅብኝ በሩን በግማሽ እየከፈትኩ፣ አስቤዛ ተሸክሜ በጎን እገባ ነበር።

ባለፈው ወር ሼመስ ሊሰናበተኝ መጣ። ጡረታ ወጥቶ ጠቅልሎ ወደ መንደሩ መግባቱ ነው። እዚያ በክለቡ ቤት ግድግዳ ላይ የሞቱ ተጫዋቾቻቸው ዱላ ይሰቀላል፤ «የአያሌውንም ልውሰድለት» አለኝ። መንደሯ ውስጥ ያልተወለደ ሰው ዱላ ተሰቅሎ አያውቅም፤ ደውሎ ሽማግሌዎቹን ለምኖ አስፈቅዷል። እኔ ግን አይሆንም አልኩት። ሄለን «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ስቲክ» አለችኝ። ዱላ ብቻ ነው አለች! የእጅህ ወዝ ያለበት ስንት ነገር ቀርቶኝ ነው?

ሲያድር ግን አንጀቴ አልቻለም። አንተ ያልደረስክባትን መንደር ዱላህ እንኳ ይይልህ አልኩ። በዚያችው በነጠላህ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ሼመስ እንደ ሕፃን አቅፎት ወጣ። ምን እደብቅሃለሁ፣ እንደገና የቀበርኩህ ያህል አለቀስኩ።

ዛሬ ፎቶውን ላከልኝ። መስኮቱ አጠገብ ሰቅለውልሃል፤ ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል፣ ልጆቹም ይሯሯጣሉ። ደረስክ እኮ፣ አያሌዬ! እኔም እዚህ በረዶው በቀለጠ ቁጥር ፓርኩ ሄጄ፣ አንተ ትቆምበት በነበረው ጥግ እቆምልሃለሁ። እስካለሁ ድረስ ይህን አላስታጉልብህም።

ከበሩ ኋላ አሁን ምንም የለም። ዛሬ አስቤዛ ይዤ ስመጣ ግን በሩን በግማሽ ከፍቼ፣ በጎን ገባሁ።

ያንተው እቴነሽ