አለሚቱ ካሴ የምትባል በሽተኛ

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 1975

ዛሬ አንድ ገበሬ ተቆጣሁ። ከዱርቤቴ የመጣ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሲያስለው ቆይቶ ደም ሲያይ ነው ወደ እኛ የመጣው። «ሦስት ወር ምን ስትሠራ ነበር?» አልሁት። «አረም ነበረ፤ ከዚያ አጨዳው ደረሰ፣ እህቴ» አለኝ። ራሴን ነቅንቄ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባሁና፣ በሩን ዘግቼ፣ ፎጣ አፌ ላይ ይዤ እስኪወጣልኝ ሳልሁ።

እኔ ስድስት ሳምንቴ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልሁ። ቀጥሎ የሐይቁ ንፋስ ነው አልሁ። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፤ የጋዎኔን ቀበቶ ሁለት ቀዳዳ አጥብቄዋለሁ። ይህን የነገረኝ በሽተኛ ቢሆን ኖሮ ሳይውል ሳያድር አክታ ስጥ እለው ነበር።

ለምን አልመረመርም? ልጻፈውና ልየው።

ክፍሉ ውስጥ የቀረነው ሦስት ነርሶች ነን። ሁለቱ ዘመቻ ሄደዋል፤ ምትክ የለም። እኔ ከተኛሁ የኔን ፈረቃ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

ካርድ ባወጣ እስከ ምሳ ድረስ ከዘበኛው እስከ ወጥ ቤቷ ይሰሙታል።

ቡልጋሪያ። ለሁለት ዓመት ትምህርት ከታጩት ሦስት ስሞች አንዱ የኔ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ የጤና ወረቀት አምጡ ተብለናል።

እትየ ዘሃራ። የተከራየሁት እሳቸው ጊቢ ውስጥ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ያለበትን ተከራይ ማን ያስቀምጣል?

ደግሞም ፈርቻለሁ። ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

አደረግሁት። ጠዋት ፈረቃ ከመግባቴ በፊት ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ በሐይቁ በኩል፣ ዋርካው ሥር ሄድሁ። ሰው የለም። እንጨት የጫነ አንድ ታንኳ ብቻ ከሩቅ ይታያል። የአክታ ዕቃውን አፌ ላይ ይዤ ሳልሁ። ክዳኑ ላይ «አለሚቱ ካሴ፣ 28፣ መሸንቲ» ብዬ ጻፍሁ። ስሙ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። መሸንቲን የማውቃት በአውቶቡስ ሳልፍ ነው።

ከበሽተኞቹ ዕቃ ጋር ቀላቅዬ ለአቶ ይሁኔ ሰጠሁ። ላብራቶሪው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሃያ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው አንገታቸው ጎብጦ ቀርቷል።

«ይህች አዲስ ናት?» አሉ ስሙን አንብበው።

«ተመላላሽ ናት።»

ወጣሁ። ሦስት ቀን በተከታታይ መሰጠት አለበት። አንዱ አለፈ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ሁለተኛው ተሰጠ።

ከሰዓት ስብሰባ ነበረ። በር አጠገብ ተቀምጬ ከረሜላ ስመጥ ዋልሁ፤ ሳሉን ትንሽ ይይዝልኛል። ሰብሳቢው ጓድ ስለ ምርታማነት ምን እንዳሉ አንድም ቃል አልሰማሁ። ስንወጣ የነርሶቹ አለቃ፣ ሜትሮኗ ሲስተር በላይነሽ ያዘችኝ።

«የጤና ወረቀትሽን አላመጣሽልኝም።»

«ጊዜ አጣሁ።»

«ሐኪም ቤት ውለሽ ሐኪም ለመታየት ጊዜ አጣሁ ትያለሽ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ወደ ሳል ሊለወጥብኝ ሲል ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልሁ።

ቤት ስገባ እትየ ዘሃራ ሰሚራን ጭኔ ላይ አስቀመጧት። የልጃቸው ልጅ ናት፤ ስምንት ወሯ ነው። እናቷ ከጨርቅ ሱቁ እስክትመለስ የምይዛት እኔ ነኝ። ዛሬ ፊቴን አዙሬ ያዝኋት። እሷ ግን ጉንጬን ይዛ ወደ ራሷ መለሰችው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ሦስተኛው።

ምሳ አልበላሁም፤ ጊዜ ስለሌለ ሳይሆን ስላልራበኝ ነው። የዱርቤቴው ገበሬ መርፌ ጀመረ። ስወጋው «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። ሰኞ የተቆጣሁትን ረስቶታል።

ማታ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ሰሚራን አልያዝሁም። እትየ ዘሃራ ዳማከሴ ጨምቀው አመጡልኝ። ጠጣሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

አቶ ይሁኔ ከላብራቶሪያቸው ወጥተው ክፍላችን ድረስ መጡ። እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

«አለሚቱ ካሴ የታለች?»

«ሄደች።»

«ሦስቱም ፖዘቲቭ ነው። የመጨረሻውማ ጀርሙ እንደ ጤፍ ፈስሶበታል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቤት ይፈጃል፣ ሲስተር።»

«ትመለስ ይሆናል» አልሁ።

«ሦስት ቀን ተመላልሳ ውጤቷን ሳትሰማ ትቅር? ልጅ ይኖራታል እኮ። ነገ የእረፍት ቀኔ ነው፤ መሸንቲ ሄጄ አፈላልጋታለሁ።»

«እርስዎን ምን አደከመዎ?»

«ታዲያ ማን ይሂድ?»

መድኃኒት ሳድል ዋልሁ። እጄ ሥራውን ስለሚያውቀው አልተሳሳተም። እኔ ግን እዚያ አልነበርሁም። ነቀርሳ አለብኝ። ይኸው ጻፍሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ከሰዓት ተረኛ ነበርሁ። አቶ ይሁኔ አቧራ ለብሰው፣ ከአውቶቡስ እንደወረዱ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ገበያ ነበረ፤ እያስጠራሁ ዞርሁ። አለሚቱ ካሴ የምትባል አንዲት ብቻ ናት። በግንቦት የተዳረች ልጅ። ‹ሐኪም ቤት ረግጬ አላውቅም› ትላለች። ሰው ከበበን። አማትየዋ የነቀርሳውን ነገር ስትሰማ ከአጠገቧ ፈቀቅ አለች። ሰኞ ይዣት እመጣለሁ ብላለች።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅቷ የታመመች አትመስልም፤ ሃያ ስምንት ዓመትም አይሆናት። ስሙ ግን ስሟ ነው፤ ምን ላድርግ?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። በሽተኛ ጠራኝ ብዬ ጥያቸው ሄድሁ። የጠራኝ አልነበረም።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ከተማው በጭስ ታፍኗል። በየደጁ ቆሻሻ ተከምሮ ይነዳል፤ በሽታ ይውጣ እየተባለ። ጭሱ እስከ ሐይቁ ወርዶ ውኃው ላይ ተኝቷል። ሁሉም ሰው ስለሚያስል ዛሬ እኔን ልብ ያለኝ የለም። በመጀመሪያ ቀለለኝ፤ በኋላ አፈርሁ።

እኩለ ቀን ላይ ሰሚራ ሳለች። ሁለት ጊዜ። የጭሱ ነው? ደረቷን ላዳምጥ ተነሣሁና መንገድ ላይ ቆምሁ። እኔው ነኝ መቅረብ የሌለብኝ።

«እትየ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷን አይስጡኝ» አልሁ ከደጃፉ ላይ።

«ምነው? ምን አደረገችሽ?»

«ነቀርሳ ይዞኛል።»

እትየ ዘሃራ ልጅቷን በነጠላቸው ጠቅልለው ገቡና በሩን ዘጉ። በቀስታ ነው የዘጉት። ቢያላትሙት ይሻለኝ ነበር።

ስለ መሸንቲዋ ልጅ ሳስብ ዋልሁ። ይኼኔ ማንም አጠገቧ አይቀመጥም።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ላብራቶሪው በር ላይ ነበርሁ። አቶ ይሁኔ ገና ቁልፉን ሳያወጡ ነገርኋቸው።

«አለሚቱ እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው በሩን ከፍተው ገቡና ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«አክታ ሳይ ሃያ ዓመቴ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የራሴን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። አንቺስ በውሸት ስምም ቢሆን አስመረመርሽ።» ከዚያ ወረቀቱን አውጥተው የአለሚቱን ስም ሰረዙና የኔን፣ ጥሩወርቅ ብለው ጻፉ። እጃቸው ቀስ ብሎ ነበር የሚጽፈው።

ሦስት ሰዓት ላይ አማትና ምራት መጡ። ልጅቷ ከአማቷ አምስት ክንድ ያህል ርቃ ትሄዳለች። አቶ ይሁኔ እኔ ልንገራቸው አሉ፤ እንቢ ብዬ አፌን በጨርቅ ሸፍኜ ወጣሁ። ስሙን ያለ ሐሳብ እንደጻፍሁት፣ በሽተኛዋ እኔ እንደሆንሁ ነገርኋቸው።

«ይህንኑ ገበያ መካከል መጥተሽ ተናገሪ» አለች አማትየዋ። «የተወራው እዚያ ነው።» አቶ ይሁኔ «ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ መጥቼ የማስተባብለው እኔ ነኝ» አሉ። አማትየዋ ትንሽ አሰበችና እሺ አለች።

አለሚቱ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ልጅ ናት፤ ሃያ አይሞላትም።

«አንቺ ነሽ እኔን የሆንሽ?» አለችኝ።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኋት። አድርጌያለሁ አላለችም። ሲመለሱ ግን ከአማቷ ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ራጅ ተነሣሁ። ቀኝ ሳንባዬ ላይ ነው። ሐኪሙ ቶሎ ብትመጪ ኖሮ አለና ቀሪውን ተወው። ሁለት ወር በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ክኒን። ወተትና እንቁላል ብዪ፣ ጾም አትጹሚ።

ሲስተር በላይነሽ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ፈረቃሽን ማን ይሸፍናል?» ብላ ነው። ቆይታ ተመልሳ መጣች። ራሷ ትሸፍነዋለች። ለቡልጋሪያ የታጩትን ዝርዝር ስሜን ሰርዛ እንደላከችውም ነገረችኝ። «ማወቄ አይቀርም ነበር፤ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።  ብነግራት ኖሮስ ከየት አምጥታ ታሳርፈኝ ነበር?

የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋሁ። ስንቱን «አያምም» እያልሁ ወግቻለሁ። ያማል።

ሰሚራን እናቷ አምጥታት ክንዷ ላይ የመመርመሪያ መርፌ ተወጋች። ሐሙስ ይታያል፤ ካበጠ ነቀርሳው ገብቶባታል። በመስኮት አየኋቸው፤ አልወጣሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ዛሬ ፈረቃ የለኝም። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ጋዎኔን ልለብስ ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን መድኃኒት የማድልበት ሰዓት ነው ብዬ ቆምሁ። ተቀመጥሁ። መስኮት ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ከፈትሁ። ከእሑድ ጀምሮ እትየ ዘሃራ አላናገሩኝም። ክፍሉን ልቀቂ የሚሉኝ መቼ ይሆን እያልሁ ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ አየሁት።

ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እሳቸው ደረጃው ላይ ሦስት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ኩባያ ወተት አስቀምጠው ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ቆመዋል። ሐኪሙ ያለውን ከሰሚራ እናት ሰምተዋል።

«ዛሬ ጾም ገብቷል፣ እትየ» አልሁ።

«የታመመ አይጾምም። በእኛም እንዲሁ ነው። ዕቃውን እጠቢና አንቺው ዘንድ ይቀመጥ፤ ከእኛ ጋር እንዳይደባለቅ። ከነገ ጀምሮ በዚሁ አመጣልሻለሁ።»

ሄዱ። የዕቃው ነገር ከነከነኝ፤ ለሌላ በሽተኛ ቢሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። «ከነገ ጀምሮ» ያሉትን ግን ደጋግሜ አሰብሁት።

ተቀምጬ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ላጥሁ። ሦስቱንም በላሁ።

ነገ የሰሚራ ክንድ ይታያል።