የባሕር ጨው ያልበላቸው ወንበሮች

ላሙ ደሴት፣ ኬንያ፣ ማርች 9 ቀን 2016

ለልጄ ለትዋሊብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የሙስካት ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህ ወድቃ ነበር፤ አትደንግጥ፣ ድናለች። በረንዳው ላይ ያለው፣ እኔ የሠራሁት የእንጨት አግዳሚ ከሥሯ ተሰበረ። ምስጥና የባሕሩ እርጥበት ውስጥ ውስጡን በልተውት ኖሯል። ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይልም ነበር።

ገና ከመሬት ሳትነሳ ምን አለችኝ መሰለህ? «አንተ ሰውዬ፣ የልጄን ወንበሮች ከደበቅክበት አምጣልኝ!»

ለሰው ሁሉ «ሰጠኋቸው» ብዬ ነበር። አልሰጠኋቸውም። «ይሄ የድስት ክዳን እንጂ ወንበር አይደለም» ብዬ በሰው ፊት ካዋረድኩህና አንተም ከሄድክ ወዲህ፣ ከአሉሚኒየም የሠራሃቸው ስድስቱም ወንበሮች ሰባት ዓመት ሙሉ ጓሮ ውስጥ ተቆልለው፣ ዝናብና የባሕር ነፋስ ሲፈራረቁባቸው ኖሩ።

ሳወጣቸው ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቶባቸዋል። አለቀላቸው ብዬ በሽቦ ልፈትጋቸው ስል፣ የጀልባ ሞተር የሚጠግነው ጎረቤታችን ካሲሙ ከአጥር ማዶ ጮኸብኝ።

«ሼኩዌ! ተው እንጂ! ቆዳውን ልትገፈው ነው? አሉሚኒየም እንዳንተ ኩሩ ነው፤ በለስላሳ ካልያዝከው እሺ አይልም!»

እንዳለኝ ጨው በሌለው ውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ አጠብኳቸው። ነጩን በሎሚ አሸት አድርጌ ቶሎ አለቀለቅሁት። ከሥሩ ወንበሩ እንደ አዲስ ነው! የዛገው ብሎኑ ብቻ ነበር። ያኔ «የማይዝገውን ግዛልኝ» ስትለኝ ርካሹን የገዛሁልህ እኔ ነኝ። አሁን ሁሉንም ቀይሬዋለሁ።

ወንበሮቹን ስገለብጥ በየእግሩ ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ አየሁ። ያኔ መሰርሰሪያው ያመለጠህ መስሎኝ ስቄብህ ነበር። መልሼ በእግራቸው ሳቆማቸው ውስጥ የገባው ውሃ በቀዳዳዎቹ ጠብ ጠብ እያለ ወጣ። ቁጭ ብዬ እስኪደርቅ ድረስ አየሁት። ልጄ፣ ሃምሳ ዓመት እንጨት ጠርቤአለሁ። ውሃ በየት እንደሚወጣ አስቀድሞ ያሰበ እጅ ሳይ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ማየት አልፈለግሁም።

አሁን በየሐሙሱ አጥባቸዋለሁ። እናትህና እኔ በሁለቱ እንቀመጣለን፤ የቀሩትን አራቱንም ግን አጥባለሁ። «ማን ሊቀመጥባቸው ነው?» ትለኛለች። ጨርቁን ጨምቄ ወደሚቀጥለው ወንበር አልፋለሁ።

ደግሞ የሥራ ቤቴን ግማሽ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን፣ ባዶ አደረግሁት። መብራትም አስገባሁበት። «የእንጨቱ ብናኝ ደረቴን ስለሚያስቸግረኝ ነው» አልኳት። ሳቀችብኝ።

አላህ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርህ፤ እጅህን ይባርክልህ።

አባትህ
ሼኩዌ